የአፍ ጠረንና ይሉኝታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ አፍ ጤንነት አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፥ ከመካከላችሁ ብዙዎች ስለ ጥርስ መበስበስ ወይም ስለ መንጋጋ ቀዶ ሕክምና የምናገር መስሏችሁ እንደ ነበር እገምታለሁ። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ በጉባኤ ፊት ቀርቶ በሁለት ወዳጆች መካከል እንኳ በሹክሹክታ የማይነሣ ነው። ይኸውም መጥፎ የአፍ ጠረን ነው። ርእሱን ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ፈገግታችሁን አልቀየመውም፤ እንዲያውም የንግግሬ መነሻ እርሱ ነው። ስለ ወባ ወይም ስለ ልብ ሕመም ሲነገር ማንም ፈገግ አይልም። የሚያሳፍር ሕመም ሲሆን ግን ጤነኛው ፈገግ ይላል፤ ታማሚው ዝም ይላል፤ ሐኪሙም ሳይጠይቅ ያልፋል።

ነገሬን ከማውቀው አገር ልጀምር። በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ መካከል ጉንደ ወይን የምትባል ከተማ አለች፤ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ከግእዝ ሲፈታ የወይን ግንድ ማለት ነው። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን አምርቶ የሚኖር፥ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተሰብስቦ የሚበላ፥ ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ የሚሳሳም፥ የወደደውን ሰው ካላጎረሰ ያከበረው የማይመስለው ሕዝብ ነው። ሰውና ሰው እንዲህ ተቀራርቦ በሚኖርበት አገር የአፍ ጠረን የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ከመሶቡ ያርቃል፤ ከሰላምታው ያርቃል፤ ከትዳርም ያርቃል። በሽማግሌ ፊት ቀርበው ስለ ከብትና ስለ እህል ሲካሰሱ ውለው፥ የጠባቸውን እውነተኛ ምክንያት አንዳቸውም ሳይናገሩ የተለያዩ ባልና ሚስት አውቃለሁ።

በዚያው አገር በልጅነቴ ፊደል ያስቈጠሩኝ የኔታ ነበሩ። ዳዊት ሲያስደግሙን ሁልጊዜ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። እኛ ተማሪዎች ይህን የምናየው እንደ ግርማ ሞገስና እንደ ትሕትና ነበር፤ አንዳንዶቻችንም እርሳቸውን ለመምሰል በነጠላችን አፋችንን እንሸፍን ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በጤና ሥራ ላይ ተሰማርቼ ለዕረፍት ወደ አገሬ በተመለስሁ ጊዜ ሊጠይቁኝ መጡ። ቡናው ተጠጥቶ ጎረቤት ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ቈዩና በሩን ራሳቸው ገርበብ አደረጉት።

«ልጄ፥ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር» አሉኝ።

«ምነው የኔታ፥ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«ደኅና ነኝ፤ ነገር ግን አፌ ይሸታል መሰለኝ። ባለቤቴ፥ ነፍሷን ይማርና፥ አንድ ቀን ሳወራት ፊቷን ስታዞር አየኋት። ምንም አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።»

«ይህ ከሆነ ስንት ዘመን ሆነዎ?»

«አንተ ፊደል ሳትቈጥር ነው።»

አፋቸውን ገልጬ አየሁ። በታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ፥ በምላስ በኩል፥ በተለምዶ ታርታር የምንለው የደነደነ ቆሻሻ እንደ ግንብ ተገንብቷል። ድዳቸው ገና ሲነካ ይደማል። የምላሳቸው ጀርባ፥ ከበስተ ጕሮሮው በኩል፥ ወፍራም ነጣ ያለ ቢጫ ልባስ ለብሷል። የከፋ በሽታ አልነበረባቸውም። ወደ ሐኪም ቤት ወስጄ በሁለት ቀጠሮ ጥርሳቸው ታጠበ፤ ምላሳቸውን እንዴት እንደሚያጸዱ ተማሩ። ዕድሜ ልክ የተሸሸገው ሕመም በአንድ ወር ውስጥ ሄደ። ይህን የምነግራችሁ ሕክምናው የሚያስደንቅ ሆኖ አይደለም። የሚያስደንቀው ለዚህ ቀላል ሕክምና አንድ ሰው ያን ያህል ዘመን መጠበቁ ነው።

አገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትላለች። በአፍ ጠረን ላይ ግን ይህ ምሳሌ በግማሹ ብቻ ይሠራል። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ በሽታውን የሚደብቀው ታማሚው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። የሰው አፍንጫ ዘወትር የሚያሸተውን ነገር እየለመደ ስለሚሄድ፥ ባለቤቱ የራሱን ጠረን በትክክል ለመለካት አይችልም። አፉ የሚሸት ሰው ላያውቅ ይችላል፤ አፉ የማይሸት ሰው ደግሞ ይሸታል ብሎ ሊጨነቅ ይችላል። እውነቱን የሚያውቀው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሲሆን፥ እርሱን ደግሞ ይሉኝታ አፉን ይዞታል። ስለዚህ በሽታው ከሚያውቀው ሰው ወደሚድንበት ቦታ የሚሻገርበት ድልድይ የለውም። ያን ድልድይ መሥራት የእኛ ሥራ ነው። ዛሬ ላሳስብ የምወደው ቁም ነገር ይህ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ሕመሙ ምንጭ ጥቂት ልበል። በአገራችን አንድ ሰው አፉ ሲሸት «ጨጓራው ነው» ይባላል። ታማሚውም ስለ ጨጓራው የሽሮፕና የክኒን ዓይነት ሲለዋውጥ ገንዘቡንና ጊዜውን ይጨርሳል። ነገር ግን ከዐሥር ታማሚዎች በስምንት ወይም በዘጠኙ ላይ ምንጩ ከአፍ ውጭ አይደለም። የምግብ ቧንቧ ምግብ በማያልፍበት ጊዜ ተኰማትሮ የሚቀመጥ እንጂ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሚተነፍስ ጭስ ማውጫ አይደለም። የጨጓራ ሽታ ወደ አፍ የሚመጣው በግሣት፥ ወይም ምግብና አሲድ ወደ ላይ በሚመለስባቸው ሰዎች ላይ፥ አልፎ አልፎ ነው።

በአፍ ውስጥ ያለው ምንጭ እንዲህ ይሠራል። በምላስ ጀርባ ላይ እንደ ምንጣፍ ክር ቆመው የሚታዩ ጥቃቅን ጕብታዎች አሉ። በመካከላቸውና በድድ ኪስ ውስጥ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች የምግብ ትርፍራፊን፥ ከአፍ ውስጥ ረግፎ የሚወድቀውን ቆዳና የደምን ፕሮቲን ይፈጫሉ። በፕሮቲኑ ውስጥ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ይገኛሉ፤ ሲስቲንና ሜታዮኒን ይባላሉ። ሲስቲን ሲፈርስ የበሰበሰ ዕንቍላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ሜታዮኒን ሲፈርስ ደግሞ ከእርሱ የባሰ የሚከረፋው ሜቲል መርካፕታን ይወጣል። የድድ በሽታ ሲኖር የኋለኛው ይበዛል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ጆሴፍ ቶንዜቲች እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ አፍ ጠረን ምንጭና አፈጣጠር ያወጡት ጽሑፍ እነዚህን የድኝ ጋዞች በዋና ተጠያቂነት ያስቀመጠ ሲሆን፥ ዛሬም የዘርፉ ትምህርት የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

የእነዚህ ባክቴሪያዎች ተቃዋሚ ምራቅ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ ያጥባል፤ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፤ ባክቴሪያን ይቀንሳል። በእንቅልፍ ጊዜ ግን ሊቋረጥ ጥቂት ስለሚቀረው፥ ማለዳ ሲነሣ አፉ የማይሸት ሰው የለም። ይህ በሽታ አይደለም። አፍን የሚያደርቅ ነገር ሁሉ ማለዳውን እስከ ማታ ያራዝመዋል። አረቄ ያደርቃል፤ ትንባሆ ያደርቃል፤ በአፍ መተንፈስ ያደርቃል፤ ለደም ግፊትና ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ያደርቃሉ።

እዚህ ላይ የጾምን ነገር ማንሣት ግድ ይላል። በገጠሩ ጎጃም የሚጾመው ሰው እህል ብቻ ሳይሆን ውኃም ሳይቀምስ እስከ ተሰዓት በኋላ ይቆያል፤ የዐቢይ ጾምም 55 ቀን ነው። አፉ ይደርቃል፤ ሰውነቱም ስብ ማቃጠል ሲጀምር ትንፋሹ የተለየ ሽታ ይይዛል። ከእኛ መካከል ለእንዲህ ያለው ሰው «ውኃ ጠጣ» ብሎ የሚያዝዝ ባለሙያ ቢኖር ምክሩም አይሰማለት፤ ሰውየውም ሁለተኛ አይመለስለት። የሚሻለው ሌላ ምክር አለ። ሰውየው ማታ፥ የመጨረሻውን ምግብ በልቶ ውኃውን ከጠጣ በኋላ፥ ጥርሱንና ምላሱን በደንብ አጽድቶ ይተኛ። ጧት ውኃ ወደ አፉ ማስገባት የሚጠራጠር ከሆነ ሥርዐቱን ከንስሐ አባቱ ይጠይቅ፤ ደረቅ መፋቂያም አለለት።

መፋቂያን ካነሣሁ አይቀር ስለ እርሱም ልናገር። ወይራና ክትክታ በአገራችን የጥርስ ብሩሽ ሳይገባ ጀምሮ ጥርስ ሲያነጹ የኖሩ ዛፎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ ልማድ በሆነባቸው አገሮች ሕዝቡ እንዲጠቀምበት አበረታቷል። ስለዚህ ከጉንደ ወይን ገበያ የሚመጣውን ገበሬ «መፋቂያህን ጣል፥ ብሩሽ ግዛ» ማለት አያስፈልገንም። ሊነገረው የሚገባው መፋቂያው የት እንደማይደርስ ነው። መፋቂያ ከከንፈር በኩል ያለውን የጥርስ ፊት አሳምሮ ያነጻል። በምላስ በኩል ያለውን ጀርባ፥ የኋለኞቹን መንጋጋዎችና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። የየኔታ ታርታር የተገነባውም በዚሁ ቦታ ነበር። ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ከላላ በኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ የጥርሱን ጀርባ እንዲያሻሽ ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በአንጻሩ በደቀቀ ከሰልና በደረቅ ጨው ጥርስን መፈግፈግ የጥርሱን ልባስ ይሞርዳል፤ ድዱንም ያቈስላልና ይህ እንዲቀር መምከር ይገባናል።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ የአገራችን ልማድ አለ። በሰሜኑ ክፍል ብዙ እናቶች ድዳቸውን የተነቀሱ ናቸው። የድድ በሽታን የምናውቀው በመቅላቱ ነው ብለን ተምረናል፤ በጠቈረ ድድ ላይ ግን ቅላት አይታይም። እንዲህ ያለችውን እናት ድዷን በዓይን አይቶ ደኅና ነው ብሎ መመለስ ስሕተት ነው። መታየት ያለበት ማበጡና ሲነካ መድማቱ ነው። ጠረኑም ራሱ አንድ ምልክት ነው።

ነጭ ሽንኩርትን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልኛል። «ጥርሴን አሥር ጊዜ ብፋቅም ሽታው አልለቅ አለኝ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከነጭ ሽንኩርት ከሚወጡት የድኝ ውሑዶች አንዱ ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ በሳንባ በኩል ስለሚተነፈስ፥ በመፋቅ አይለቅም። ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል። ጉንፋን በያዘው ቤት ሁሉ ነጭ ሽንኩርት በሚበላበት አገር ይህን ማስረዳት ከከንቱ ጭንቀት ያድናል። ቅርንፉድ ማኘክ፥ ጤና አዳም በቡና ማድረግ፥ ማስቲካ ማላመጥም ለሰዓት ያህል ይሸፍናሉ፤ ምንጩን ግን አያደርቁም።

እንግዲህ ምርመራው ምንድን ነው? ውድ መሣሪያ አያሻውም። ታማሚው አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ሐኪሙ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ያሸትና ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ ይመዘግባል። ከዚያም አፉን ዘግቶ በአፍንጫው ብቻ እንዲተነፍስ ያደርጋል። በአፍ ሲተነፍስ ሸትቶ በአፍንጫ ሲተነፍስ የማይሸት ከሆነ ምንጩ አፍ ወይም ጕሮሮ ነው። በአፍንጫ ብቻ የሚሸት ከሆነ ምንጩ አፍንጫና የፊት አጥንት ክፍተት ነው፤ በሕፃን ላይ በአንድ አፍንጫ ብቻ ከሆነ ባቄላ ወይም ዶቃ ከትቶ እንደ ሆነ ይታይ። በሁለቱም በኩል የሚሸት ከሆነ ከሳንባ ወይም ከደም የመጣ ሊሆን ይችላል። የበሰለ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ስኳር በደም ሲበዛ፥ የሽንት የመሰለ ሽታ ኵላሊት ሲደክም ይመጣል፤ እነዚህ ቀጠሮ የማይሰጣቸው ናቸው። ከቶንሲል ጕድጓድ የሚወጡ ነጫጭ ፍርፋሪዎችም የተለመደ ምንጭ ናቸው። የምላስን ጀርባ በማንኪያ ጠርዝ ጠርጎ፥ ጥቂት ቈይቶ ማንኪያውን ማሽተት ለታማሚው ራሱ ምንጩን ያሳየዋል።

ሕክምናውም ከምርመራው ይወጣል። ምንጩ አፍ በሆነበት ሰው ላይ አራት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛው የጥርስ እጥበት ነው። ሕዝቡ «እጥበት ጥርስ ያወላልቃል» ብሎ ይፈራል፤ ጥርሱን ያላላው ግን ከታርታሩ ሥር ያለው በሽታ መሆኑን፥ ታርታሩ ሲነሣም የተገለጠው ያው እንደ ነበረ እናስረዳ። ሁለተኛው የተቦረቦረውን ጥርስ መሙላት ወይም የማይድነውን መንቀል ነው። ሦስተኛው ምላስን በየቀኑ ማጽዳት ነው። የማንኪያ ጠርዝ ይበቃል፤ ከኋላ ወደ ፊት፥ ሳይደማ፥ ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ በለስላሳው ይጠረጋል። አራተኛው አፍን ማርጠብ፥ ማለትም ውኃ መጠጣትና አረቄና ትንባሆን መቀነስ ነው። ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ ማጠቢያ ባክቴሪያን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጥርስን ስለሚያጠቍርና ጣዕም ስለሚያበላሽ ለሁለት ሳምንት ያህል እንጂ ለዘወትር አይታዘዝም። ይህ በማይገኝበት ቦታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ መጕመጥመጥ ለታመመ ድድ ይረዳል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከእጥበቱና ከመሙላቱ በቀር ጉንደ ወይን ላይ የማይገኝ ነገር የለም።

ስለ ማጠቢያ መድኃኒት ስናገር አንድ የውጭ አገር ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሊስተሪን የተባለው ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ የተሠራው ለቀዶ ሕክምና ማጽጃ እንዲሆን ነበር። በ1920ዎቹ ግን ባለቤቶቹ «ሃሊቶሲስ» የሚለውን ብዙ ሰው የማያውቀውን ቃል አንሥተው፥ ወዳጆችሽ ሳይነግሩሽ ይሸሹሻል የሚል ፍርሃት በጋዜጣ ማስታወቂያ አስፋፉ። ሽያጩ በጣም ጨመረ። እንግዲህ እኛ ባለሙያዎቹ ዝም ያልንበትን ነገር ነጋዴው በእፍረት ሸጠው ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ምንም ጠረን ሳይኖርባቸው አፋችን ይሸታል ብለው ከሰው የተለዩ ሰዎች በየአገሩ አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው መርምሮ የሌለበት መሆኑን በግልጽ መንገር፥ ዘመድ አስመስክሮ ማረጋገጥ፥ ጭንቀቱ ካልለቀቀውም ወደ አእምሮ ሐኪም በአክብሮት መላክ ይገባል። መሳቅ ግን ፈጽሞ አይገባም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ክብርና ስለ ትዳር፥ ስለ ወዳጅነት ነው። አሁን ግን ስለ ሞት እናገራለሁ።

የአፍ ጠረን በሕፃን ላይ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። ኖማ የተባለ በሽታ አለ። የሚይዘው በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፥ በምግብ እጥረት የተጎዱ የድኻ ልጆችን ነው። ኵፍኝ ወይም ወባ አድክሟቸው ባለፈ ማግሥት ይመጣል። መጀመሪያ ድዱ ይቈስላል፤ ይደማል፤ አፉም የተለየ ክርፋት ያመጣል። ከዚያ ጉንጩ ያብጣል፤ ይጠቍራል፤ ይበሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በወር ሳይሆን በቀን በሚቈጠር ጊዜ ነው። ሕክምና ያላገኙት ከመቶው እስከ ዘጠና የሚደርሱት ይሞታሉ። የተረፉት መንጋጋቸው ተቈልፎ፥ መብላትና መናገር ተስኗቸው፥ ፊታቸውን ሸፍነው ይኖራሉ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም ብዙ ቤተ ሰብ እንደ ርግማን ቈጥሮ ልጁን በጓዳ ይሰውረዋል።

ኖማ የአፍሪካ ብቻ በሽታ አልነበረም። በኤውሮፓ ሕፃናት ላይ የታወቀ ነበር፤ እዚያ የጠፋው ፔኒሲሊን ሳይገኝ፥ የሕዝቡ ምግብና ኑሮ በመሻሻሉ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በናዚ የእስረኞች ሰፈር ረኃብ ሲገባ ተመልሶ ታየ። በእኛም አገር አለ፤ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የቀዶ ሐኪሞች ቡድን ወደ አዲስ አበባ እየላከ ፊታቸው የተበላ ኢትዮጵያውያንን ሲያክም ቈይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

የተበሳ ጉንጭ መጠገን ለታላላቅ ቀዶ ሐኪሞችም እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ነው። በድድ ላይ ያለውን ቁስል ማዳን ግን በጤና ጣቢያ ይቻላል። አፍን ማጽዳት፥ የተለመዱትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በልጁ ክብደት ልክ መስጠት፥ በምግብ ማበርታትና ቫይታሚን ኤ መስጠት፥ በየቀኑም ማየት ነው። በዚህ ደረጃ የተያዘ ልጅ ያለ ጠባሳ ይድናል። ታዲያ ያን ደረጃ ማን ያየዋል? ሐኪም አይደለም። የምታየው ልጇን አቅፋ የምታድር እናት ናት። አይታም ሳይሆን አሽትታ ነው። «የልጄ አፍ ሸተተኝ» ትላለች። ይህን ቃል ሰምቶ «ጥርሱን አጣጥቢው» ብሎ የሚሸኛት ባለሙያ ልጁን አሳልፎ ሰጠው። እንጥል ማስቈረጥና ግግ ማስወጣት በለመደ ቀዬም፥ ሰሚ ያጣች እናት ልጁን ወደ ምላጭ ትወስደዋለች፤ የቈሰለው አፍ ላይ ሌላ ቁስል ይጨመርበታል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፥ ማናችንም ለማናቸውም ምክንያት አፍ ከፍተን ባየን ቍጥር «ድድዎ ይደማል ወይ? ምላስዎን ያጸዳሉ ወይ? በአፍዎ ጠረን ተቸግረው ያውቃሉ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ሦስተኛው ጥያቄ ለሁሉም የሚቀርብ ሲሆን ማንንም አያሳፍርም፤ የደም ግፊት መለካት ማንንም እንደማያሳፍር ሁሉ። ያገኘነውንም ስንናገር ሕመሙንና መድኃኒቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንናገር። «አፍዎ ይሸታል» አይባልም። «የድድዎ ሕመም ጠረን አምጥቷል፤ ሲታጠብ ይለቃል» ይባላል።

ሁለተኛ፥ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትደርስ ባለሙያ ሰጥቶናል። ማኅበራችን ለእነዚህ እኅቶች «ከኵፍኝ በኋላ አፉ የሸተተ፥ ድዱ የደማ ሕፃን በዚያው ቀን ይላክ» የሚል አንድ ገጽ ማስተማሪያ ከሥዕል ጋር ያዘጋጅ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ሦስተኛ፥ ምላስን ማጽዳትና መፋቂያን ወደ ጥርስ ጀርባ ማድረስ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ እንሥራ፤ በአብነት ትምህርት ቤትም ጭምር። የቄስ ተማሪ ከየኔታው የሚቀስመው ብዙ ነው።

ይህን ካልሁ ዘንድ የኔታን ልሰናበትላችሁ። ሕክምናቸውን ከጨረሱ በኋላ በነበረው በዓል ቤታቸው ሄድሁ። ተማሪዎቹ በዙሪያቸው ተቀምጠው ነበር። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ሲያዩኝ ተነሥተው፥ ዕድሜ ልካቸውን ሲያደርጉት እንዳላየሁ አድርገው፥ ጉንጬን ሳሙኝና ከፊታቸው ካለው መሶብ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ያልሁት ነገር የለም፤ እርሳቸውም ያሉት ነገር የለም። አንድ ትንሽ ልጅ ግን እንደ ጥንቱ ልማድ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ፊደሉን ይቈጥር ነበር። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ነጠላውን ከአፉ ላይ ዝቅ አደረጉለትና «ድምፅህ ይሰማ» አሉት።